በጨዋማ ውሃ ውስጥ የታየው የሐሰት አርሴኒክ፦ የአዮን ጨረርን ኢነርጂ ወጥ የማድረግ አንድ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የጀመረው ሁለት መሣሪያዎች ስለ አንድ ውሃ ባለመስማማታቸው ነው። ከቸርችል ጎዳና ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ውስጥ የሚሠራ አንድ የውሃና የአፈር ምርመራ ላብራቶሪ ከስምጥ ሸለቆ የተቀዱ ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ ናሙናዎችን ለአርሴኒክ ይመረምር ነበር። ፕላዝማን (እጅግ የሞቀና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጋዝን) የአዮን ምንጭ አድርጎ አቶሞችን በክብደታቸው የሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ሠራተኞቹ በአጭሩ አይሲፒ ኤምኤስ የሚሉት መሣሪያ፣ ያወጣው ቁጥር ያው ናሙና በሌላ ዘዴ፣ በሃይድራይድ ማመንጫ አቶሚክ አብዞርፕሽን፣ ሲለካ ከተገኘው በግልጽ ከፍ ያለ ሆነ። ልዩነቱ በሁሉም ናሙናዎች ላይ የታየ አልነበረም፤ ጨው ባነሰባቸው ውሃዎች ሁለቱ መሣሪያዎች ተቀራራቢ ውጤት ሲሰጡ፣ ክሎራይዱ በጨመረ ቁጥር ክፍተቱ እየሰፋ ሄደ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የአርሴኒክ መመሪያ 10 ማይክሮግራም በሊትር ነው። ስለዚህ የልዩነቱ መጠን በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም፣ አንድ ጉድጓድ አገልግሎት ይስጥ ወይስ ይዘጋ የሚለውን ውሳኔ የሚያገላብጥ ነበር። እኔ ወደ ጉዳዩ የገባሁት የመሣሪያውን ጥገና እንዳግዝ በላብራቶሪው ተጠይቄ ነው።

ክሎራይድ አርሴኒክን ከፍ አድርጎ የሚያሳይበት ምክንያት ለሙያው ሰዎች እንግዳ አይደለም። አርሴኒክ በተፈጥሮ ያለው አንድ አይሶቶፕ (አንድ የክብደት ዓይነት) ብቻ ነው፤ እርሱም በማስ 75 ላይ ይወድቃል። ፕላዝማው የሚሠራበት አርጎን 40 ከውሃው ክሎሪን 35 ጋር ሲጣመር የሚፈጠረው አርጎን ክሎራይድ የተባለው ጥምር አዮንም እዚያው ማስ 75 ላይ ይቀመጣል። መሣሪያው የሚለየው በማስና በቻርጅ ንፅፅር ስለሆነ ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ክሎሪን ሁለተኛ አይሶቶፕ ስላለው መሸሸጊያ የለውም፤ አርጎን ከክሎሪን 37 ጋር ሲጣመር በማስ 77 ላይ ይታያል፣ የሁለቱ የክሎሪን አይሶቶፖች ንፅፅርም ሦስት ለአንድ ገደማ ነው። በናሙናዎቹ ማስ 77 ላይ ይታይ የነበረው ምልክት፣ የሴሌኒየም 77 ድርሻ ከተቀነሰለት በኋላም፣ በማስ 75 ላይ ካለው ትርፍ ጋር በዚሁ ንፅፅር ይሄድ ነበር። ስለዚህ ትርፉ ከየት እንደመጣ ብዙ መከራከር አላስፈለገም።

ሊያከራክር የሚገባው ሌላ ነገር ነበር። ይህ መሣሪያ የተገዛው በዋናነት እንዲህ ያለውን ጣልቃ ገብነት እንዲያስወግድ ነው። አዮኖችን በማስ ከሚለየው ባለ አራት ዘንግ ክፍል፣ ከኳድሩፖሉ፣ በፊት የሂሊየም ጋዝ የሚገባበት የግጭት ክፍል አለው። አርጎን ክሎራይድ የሁለት አቶሞች ጥምር በመሆኑ በአካል ከአርሴኒክ አዮን ይሰፋል፤ ስለዚህ ከሂሊየም አቶሞች ጋር ደጋግሞ ይጋጫል፣ በየግጭቱም ኢነርጂ ያጣል። ከክፍሉ ሲወጡ ከ3 እስከ 5 ቮልት የሚሆን የኤሌክትሪክ ግድብ ይጠብቃቸዋል፤ የተዳከመው ጥምር አዮን በግድቡ ይመለሳል፣ ጉልበቱን ያልጨረሰው አርሴኒክ ያልፋል። የዚህ ዘዴ መሠረት ግን ሁሉም አዮኖች ወደ ክፍሉ ሲገቡ ተቀራራቢ ኢነርጂ ይዘው መግባታቸው ነው። በታላቁ ሩጫ ላይ ማን እንደደከመ ከአገባቡ ቅደም ተከተል ማወቅ የሚቻለው ሁሉም ከአንድ መስመር ከተነሣ ብቻ ነው፤ አንዱ ከመስቀል አደባባይ፣ ሌላው ከስታዲየም ማዶ ተነሥቶ ከሆነ የአገባቡ ተራ ስለ ድካም ምንም አይናገርም። በአዮኖቹም ዘንድ እንደዚሁ ነው። የመነሻ ኢነርጂያቸው ልዩነት ከግድቡ ቁመት ከበለጠ፣ በከፍተኛ ኢነርጂ የተነሣ አርጎን ክሎራይድ ግድቡን ይዘልላል፣ በዝቅተኛ ኢነርጂ የተነሣ አርሴኒክ ደግሞ ያለ ጥፋቱ ይመለሳል።

የላብራቶሪው ባለሙያዎች መጀመሪያ የወሰዱት እርምጃ ማንም የሚወስደው ነው፤ ሂሊየሙን ጨመሩ። የአርጎን ክሎራይዱ ምልክት ቀነሰ፣ ነገር ግን አርሴኒኩም አብሮት ቀነሰ፤ በተለይ ዝቅተኛ መጠን ባላቸው ናሙናዎች ላይ የመለየት አቅሙ ወደማይጠቅም ደረጃ ወረደ። ቀጥሎ ኮኖቹ (አዮኖች ከፕላዝማው ወደ ባዶው ክፍል የሚገቡባቸው ባለ ቀዳዳ ብረቶች) በደካማ አሲድና በአልትራሳውንድ መታጠቢያ ጸዱ፣ ናሙናውን ወደ ጤዛ የሚለውጠው የኔቡላይዘሩ ቱቦ ተለወጠ፣ የአርጎኑ ሲሊንደር ጥራት ተጠርጥሮ ከሌላ አቅራቢ እንዲመጣ ተደረገ። ከዚያ አውቶማቲክ ማስተካከያው ደጋግሞ እንዲሠራ ተደረገ። በዚህ ላይ አስተያየት አለኝ። አውቶማቲክ ማስተካከያ የአዮን ጨረሩን የሚመሩትን ሌንሶች ቮልቴጅ የሚመርጠው ከፍተኛ ምልክት በሚሰጥ ነጥብ ነው። የጨረሩ ኢነርጂ የተበታተነ ከሆነ ሌንሶቹ ከብትንትኑ ውስጥ አንዱን ክፍል መርጠው ያስተላልፋሉ፣ ሌላውን ይጥላሉ፤ ምልክቱ ተቀባይነት ያለው ስለሚመስል መሣሪያው «ፈተናውን አልፏል» የሚል ሪፖርት ያትማል። ሌንስ የተበተነን ኢነርጂ አይሰበስብም። የምንጩ ጉድለት በዚህ መንገድ ለረጅም ጊዜ ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላል፤ እዚህም የሆነው ይኸው ነው። በፋይሉ ውስጥ በተከታታይ የተቀመጡት የማስተካከያ ሪፖርቶች ሁሉም «አልፏል» ይላሉ፣ የሌንሶቹ ቮልቴጅ ግን ከወር ወር ወደ አንድ አቅጣጫ እየሸሸ ነበር። ሪፖርቱን የሚፈርመው ሰው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ስለሚያይ ይህን ያስተዋለ አልነበረም።

ወደ ምንጩ የመራን ፍንጭ በሌላ ናሙና ላይ ታየ። ላብራቶሪው ከውሃው ጎን ለጎን ከዚያው አካባቢ የመጡ የሐይቅ ደለሎችን ይመረምር ነበር፤ በእነርሱም ላይ አርሴኒክ ከፍ ብሎ ወጣ፣ ነገር ግን በማስ 77 ላይ ተጓዳኝ ምልክት አልነበረም። ስለዚህ ክሎራይድ ሊወቀስ አልቻለም። የስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ዐለቶች ኒዮዲሚየምና ሳማሪየምን የመሳሰሉ የብርቅዬ መሬት ንጥረ ነገሮችን በርከት አድርገው ይይዛሉ። ኒዮዲሚየም 150 እና ሳማሪየም 150 ሁለት ኤሌክትሮን ሲያጡ የማስና የቻርጅ ንፅፅራቸው ልክ 75 ይሆናል። ባለ ሁለት ቻርጅ አዮን ደግሞ እንደ ጥምር አዮን የሰፋ አካል ስለሌለው የሂሊየሙ ዘዴ አያግደውም። ጥያቄው በቂ ምክንያት ሳይኖር ባለ ሁለት ቻርጅ አዮኖች ለምን በዙ የሚለው ሆነ። በውሃ የሟሟ ሴሪየም አስገብተን ማስ 70ን ከማስ 140 ጋር ስናነጻጽር ንፅፅሩ መሣሪያው አዲስ በነበረበት ጊዜ ከተመዘገበው በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። የፊተኛው ኮን ቀዳዳ ጠርዝም በአጉሊ መነጽር ሲታይ ተበልቶ ነበር፤ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆነው ክብ ቀዳዳ በአንድ ወገኑ ጥርስ አውጥቷል፣ ዙሪያውም በጥቁር ሰማያዊ ቀለበት ተከቧል። ሁለቱ ምልክቶች አብረው ሲታዩ በሙያው ዘንድ የሚጠረጠረው አንድ ነገር ነው፤ በፕላዝማውና በኮኑ መካከል የሚነሣ ሁለተኛ ፍንጣቂ።

ይህ ችግር ከመሣሪያው ልደት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሃውክ፣ ፋሰል፣ ግሬይና ባልደረቦቻቸው ፕላዝማ ለማስ ስፔክትሮሜትር የአዮን ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ባሳዩበት ወቅት፣ ፕላዝማውን ከባዶው ክፍል ጋር የሚያገናኘው ቀዳዳ ዋናው ፈተና ነበር። ፕላዝማው የሚሞቀው በዙሪያው በተጠመጠመ የመዳብ ኮይል ውስጥ በሚያልፍ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ አብዛኞቹ መሣሪያዎች በ27.12 ሜጋኸርዝ ወይም በ40.68 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ። ኮይሉ ፕላዝማውን ማሞቅ የሚገባው በማግኔታዊ መንገድ ነው። ነገር ግን የኮይሉ አንድ ጫፍ ከመሬት ጋር ሲያያዝ ሌላው ጫፍ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሸከማል፤ በኮይሉና በፕላዝማው መካከል ያለው የኳርትዝ ግድግዳና ክፍተትም እንደ ካፓሲተር ሆኖ ከዚያ ቮልቴጅ ጥቂቱን ወደ ፕላዝማው ያሻግራል። ፕላዝማው ዜሮ ቮልት ላይ መቀመጥ ሲገባው በየሞገዱ ከፍና ዝቅ እያለ ይዋልላል። ከፍ ባለበት ቅጽበት የወጣ አዮን ብዙ፣ ዝቅ ባለበት የወጣው ጥቂት ኢነርጂ ይዞ ይሄዳል፤ ልዩነቱ ሲበዛ በኮኑ አፍ ላይ ፍንጣቂ ይነሣል፣ ፍንጣቂው ደግሞ በትኩስ ኤሌክትሮኖቹ ተጨማሪ ባለ ሁለት ቻርጅ አዮኖችን ይፈጥራል፣ ኮኑንም ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1986 ዳግላስና ፍሬንች የኮይሉን መካከል ከመሬት በማያያዝ የሁለቱ ጫፎች ቮልቴጅ እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ አደረጉ። ሌላው መፍትሔ በኮይሉና ፕላዝማውን በሚይዘው የኳርትዝ ቱቦ፣ በቶርቹ፣ መካከል ስስ የብረት ሰሌዳ አስገብቶ ከመሬት ማያያዝ ነው። ሰሌዳው ወደ ጎን ጅረት እንዳይዞርበት በርዝመቱ የተሰነጠቀ ነው፤ ስለዚህ ማግኔታዊውን መስክ ያሳልፋል፣ የኤሌክትሪኩን ግን ያስቀራል። የእኛው መሣሪያ ይህን ሁለተኛውን መንገድ የሚከተል ነበር።

ጥርጣሬን በቁጥር ለመደገፍ የአዮኖቹን ኢነርጂ በቀጥታ መለካት አስፈለገ። ለዚህ ተጨማሪ መሣሪያ አያስፈልግም። ሂሊየሙ ይዘጋል፣ የኳድሩፖሉ ዘንጎች መነሻ ቮልቴጅ ደረጃ በደረጃ ወደ ፖዘቲቭ ከፍ ይደረጋል፣ በየደረጃው ምልክቱ ይመዘገባል። ቮልቴጁ ከአዮኑ ኢነርጂ ሲበልጥ አዮኑ ይመለሳል፤ ምልክቱ በየትኛው ቮልት ላይ ወደ ግማሽ እንደወረደ አማካዩን ኢነርጂ፣ የቁልቁለቱ ስፋት ደግሞ የብትንትኑን መጠን ያሳያል። ጤናማ በሆነ ምንጭ ቁልቁለቱ በጥቂት ቮልቶች ውስጥ ያልቃል። የእኛው በኢትሪየም ላይ ከ10 ቮልት በላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ከዚህም በላይ ለዓይን በሚታይ ሁኔታ በሁለት ደረጃ ይወርዳል፣ ይህም ከፍና ዝቅ በሚል ቮልቴጅ ውስጥ የተወለደ ጨረር ጠባይ ነው። ከ3 እስከ 5 ቮልት የሚሆን ግድብ በእንዲህ ያለ ጨረር ላይ ምን ሊለይ እንደሚችል ማንም ሊገምት ይችላል።

አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልግ ነበር፤ የአዮኖች ኢነርጂ በጤናማ ምንጭ ውስጥም ቢሆን ለሁሉም እኩል አይደለም። አርጎኑ በኮኑ ቀዳዳ አልፎ ወደ ዝቅተኛው ግፊት ሲፈነዳ አዮኖቹን በራሱ ፍጥነት ይዟቸው ይሄዳል። የጋዙ ሙቀት 5,000 ኬልቪን ቢሆን ፍጥነቱ በሴኮንድ 2,300 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሁሉም በአንድ ፍጥነት ስለሚነጉዱ ኢነርጂያቸው በክብደታቸው ልክ ይለያያል፤ አርጎን 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲያገኝ ሊቲየም 0.2፣ ኮባልት 1.6፣ ኢትሪየም 2.4፣ ታሊየም 5.5 ገደማ ያገኛሉ። ይህን ልዩነት ማንም አያጠፋውም፣ ማጥፋትም አያስፈልግም፤ የታወቀና የማይለዋወጥ ስለሆነ መሣሪያው ይታገሠዋል። ጠቃሚነቱ ለምርመራ ነው። ለሊቲየም፣ ለኮባልት፣ ለኢትሪየም፣ ለሴሪየምና ለታሊየም የተገኙትን አማካይ ኢነርጂዎች ከማሳቸው አንጻር በግራፍ ላይ ስናስቀምጣቸው ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። የመስመሩ ዘንበል የጋዙን ሙቀት ይነግረናል፤ ወደ ማስ ዜሮ ሲዘረጋ የሚነካው ነጥብ ደግሞ የፕላዝማው ቮልቴጅ ነው። ሰሌዳው በደንብ ከመሬት በተያያዘ ምንጭ ይህ ነጥብ ከጥቂት ቮልት አይበልጥም፤ እኛ ያገኘነው ከ12 ቮልት በላይ ነበር። ዘንበሉ ደህና ስለነበር ፕላዝማው ራሱ፣ ሙቀቱም፣ የተሳሳተ ጠባይ እንደሌለው ታወቀ። ጥፋቱ ወደ ሰሌዳውና ወደ መሬት ማያያዣው ጠበበ።

«መሬት» የሚለው ቃል ግን በሕንፃው ውስጥ ሌላ ነገር ቀሰቀሰ። አካባቢው መብራት የሚቆራረጥበት፣ ጄኔሬተርና ዩፒኤስ ተፈራርቀው የሚሠሩበት በመሆኑ፣ የላብራቶሪው አስተዳደር ነገሩን የሕንፃው ኧርዝ ችግር አድርጎ ወሰደው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ተጠርቶ በግቢው ጥግ ያለው የኧርዝ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ጨውና ከሰል ተጨምሮበት ውሃ ጠጣ፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞውም በጥሩ ሁኔታ ወረደ። ሥራው ለሰው ደኅንነትና ለኮምፒውተሮቹ ጠቃሚ ነበር፤ ለተያዘው ችግር ግን ምንም አልፈየደም፣ ሊፈይድም አይችልም። የ27 ሜጋኸርዝ ጅረት መመለሻው የሞገድ ማመንጫው የብረት ሳጥን ነው፤ ከላይኛው ፎቅ ተነሥቶ እስከ ግቢው ጉድጓድ የሚወርድ ሽቦ ለእርሱ እንደ ተቋረጠ መንገድ ነው።

ሞገዱ ተዘግቶ፣ መሣሪያው ከኃይል ተለይቶ፣ ሳጥኑ እስኪቀዘቅዝ ከተጠበቀ በኋላ የቶርቹ ክዳን ተከፈተ። ሰሌዳው ጠርዙ ላይ ከመጠነኛ መጥቆር በስተቀር ደህና ነበር። ሰሌዳውን ከሳጥኑ ጋር የሚያገናኘው ግን ፋብሪካው የሠራው አጭርና ሰፊ የስፕሪንግ ማያያዣ አልነበረም። በቦታው ስንዝር የሚያክል ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ አንዱ ጫፉ በሰሌዳው ጥግ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሌላው በሳጥኑ ብሎን ሥር ተጠብቆ፣ መካከሉ ለመንቀሳቀስ እንዲመቸው አንዴ ዞሮ ተቀምጦ ነበር። ታሪኩ ብዙ ላብራቶሪዎች የሚያውቁት ነው። ስፕሪንጉ በሙቀት ደክሞ ተሰበረ፣ መለዋወጫው በፕሮፎርማ ተጠየቀ፣ የውጭ ምንዛሪው ወረፋ ረዘመ፣ በመሀሉ ሥራ እንዳይቆም አንድ ጠጋኝ ሽቦውን አሰረ። ፕላዝማው ተለኮሰ፣ ምልክት ወጣ፣ ጉዳዩም ተረሳ። ከአምራቹ የመጣው መለዋወጫ ዋጋው ከአንድ ኮን በታች የሆነ ዕቃ መሆኑ ያስቆጫል።

የላብራቶሪው ወጣት ተንታኝ መልቲሜትሩን በሁለቱ ጫፎች ላይ አስቀምጦ ዜሮ ሲያነብ አልተዋጠለትም፤ «ጋሼ፣ ዜሮ ኦም ነው እኮ የሚለው፤ ሽቦው ምን ጎደለው?» አለ። ቀድሞ በሬዲዮ ማሰራጫ ጣቢያ የሠሩት አንጋፋው ቴክኒሽያን መልሳቸው አጭር ነበር፤ «ልጄ፣ ዜሮ ያለህ ለመልቲሜትሩ ባትሪ ነው፣ ለሞገዱ አይደለም።» ስሌቱ እንዲህ ነው። 20 ሴንቲሜትር ርዝመትና 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ ሽቦ ከ0.2 ማይክሮሄንሪ የሚበልጥ ኢንዳክታንስ አለው። በባትሪ ጅረት ይህ ምንም ነው። በ27.12 ሜጋኸርዝ ግን ከ30 ኦም በላይ እንቅፋት ይሆናል፣ መካከሉ ላይ ያለው ዙር ደግሞ ይጨምርበታል። ሰሌዳው ከኮይሉ የሚቀበለው የሞገድ ጅረት በዚህ እንቅፋት ውስጥ ሲያልፍ በሰሌዳው ላይ ራሱን የቻለ ቮልቴጅ ይወልዳል፤ ከመሬት ጋር የተያያዘ መከለያ መሆኑ ይቀርና ከኮይሉ ይልቅ ለፕላዝማው የቀረበ ሁለተኛ ምንጭ ይሆናል።

መፍትሔው ከዚህ በኋላ ቀላል ሆነ። የማያያዣው ቅርጽ ከሚሠራበት ብረት ይልቅ ይወስናል፤ አጭርና ሰፊ መሆን አለበት። በዚህ ፍሪኩዌንሲ ጅረቱ የሚሄደው በብረቱ ቆዳ ላይ፣ ከመቶኛ ሚሊሜትር ብዙም በማይበልጥ ጥልቀት በመሆኑ ውፍረት ትርፍ የለውም። መለዋወጫው እስኪደርስ ድረስ ፒያሳ ከሚሠራ አንድ ብር ሠሪ ዘንድ ከንጹሕ ብር የተዳጠ፣ 3 ሴንቲሜትር ርዝመትና 1.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቅጠል ተዘጋጀ። ብር ሠሪው ለምን እንደሆነ ሲጠይቅ «ለፕላዝማ» የሚለው መልስ ብዙ አላረካውም፣ ጠርዙን ግን እንደ ጌጥ አሳምሮ ሞረደው፤ ሹል ጠርዝ ለፍንጣቂ መነሻ ስለሚሆን ይህ ከጌጥ ያለፈ ጥቅም ነበረው። ብር የተመረጠው ጥሩ አስተላላፊ በመሆኑና ሙቀቱን በመቻሉ ብቻ ሳይሆን፣ መዳብ ሲሞቅ የሚያወጣው ኦክሳይድ የመገናኛውን ገጽ ስለሚያበላሽ ነው። እንዲህ ያለው ቅጠል የሚፈጥረው እንቅፋት በስሌት 2 ኦም ገደማ ነው። የሳጥኑ ቀለም በብሎኑ ዙሪያ ተፍቆ ብረት ከብረት እንዲገናኝ ተደረገ፣ የተበላው ኮንም በአዲስ ተተካ።

የቁልቁለቱ መለኪያ ሲደገም ስፋቱ በኢትሪየም ላይ ወደ 3 ቮልት ገደማ ወረደ፣ ሁለቱ ደረጃዎች ጠፍተው አንድ ጥርት ያለ መውረጃ ብቻ ቀረ። የፕላዝማው ቮልቴጅ ከ12 ወደ 3 ቮልት አካባቢ መጣ። የሴሪየም ባለ ሁለት ቻርጅ ንፅፅር ወደ ቀድሞ መዝገቡ ተመለሰ። ሂሊየሙ ወደ ፋብሪካው ልክ ዝቅ ተደርጎ፣ አርሴኒክ የሌለበት ግን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት ብላንክ (ባዶ ማነጻጸሪያ) ሲገባ በማስ 75 ላይ የሚታየው ምልክት ከክሎራይድ ነጻ ከሆነው ብላንክ ብዙም አልራቀም። ጨዋማዎቹ የጉድጓድ ውሃዎች እንደገና ሲለኩ ውጤታቸው ከሃይድራይዱ መሣሪያ ጋር በመለኪያ ስህተት ወሰን ውስጥ ገጠመ። ቀድሞ የወጡ ሪፖርቶችም ተጠርተው ታረሙ፤ አስተዳደሩ በዚህ ላይ ማመንታቱ አልቀረም፣ የጥራት ኃላፊዋ ግን ጸኑ፣ ትክክልም ነበሩ።

ሆኖም የ3 ቮልት ስፋት የመጨረሻው ልክ አልነበረም። መሣሪያው ሲተከል የነበረው መዝገብ ከዚህ ጥቂት የተሻለ ነበር፣ የሴሪየም ኦክሳይድ ንፅፅርም፣ ማለትም በፕላዝማው ውስጥ ሳይበታተን የቀረው ኦክሳይድ ድርሻ፣ ከሚፈለገው ከፍ እንዳለ ቀረ። ይህ ቀሪ ጉድለት ወደ ሌላ፣ በእኔ ግምት ለከተማችን ላብራቶሪዎች ሁሉ ወደሚሆን ነጥብ ወሰደን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠለል 1,013 ነው። የመሣሪያው የጋዝ መቆጣጠሪያዎች የሚለኩት የጋዙን ክብደት እንጂ የሚይዘውን ቦታ አይደለም። በመመሪያው ላይ 1.05 ሊትር በደቂቃ ተብሎ የተጻፈው የተሸካሚ ጋዝ ፍሰት በእኛ ግፊት 1.38 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ በቶርቹ መካከለኛ ቱቦ ውስጥም በአንድ ሦስተኛ ገደማ ፈጥኖ ይወጣል። ጋዙ የተሸከመው የናሙና ጤዛ በፕላዝማው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፣ መካከለኛው መሥመር ይቀዘቅዛል፣ ያልተበታተኑት ኦክሳይዶች ወደ ኮኑ ይጠጋሉ። የተሸካሚ ጋዝ መብዛት የፕላዝማውን ቮልቴጅ የመጨመር ዝንባሌም አለው። በአንጻሩ በኮኑ ቀዳዳ የሚገባው ጋዝ በክብደት ሲለካ አንድ አራተኛ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከኮኑ በስተኋላ ያለው የግፊት ንባብ ከመመሪያው ዝቅ ይላል። ይህን ንባብ ያየ እንግዳ መሐንዲስ ኮኑ ተደፍኗል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ማስተካከያው ከመመሪያው ቁጥር ሳይሆን ከቦታው ተጀመረ። ተሸካሚው ጋዝ ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ፣ ቶርቹም ከኮኑ ትንሽ እየራቀ፣ በየደረጃው ሦስት ነገሮች አብረው ተመዘገቡ፤ የሴሪየም ኦክሳይድ ንፅፅር፣ የባለ ሁለት ቻርጅ ንፅፅርና የቁልቁለቱ ስፋት። የምልክቱ ከፍታ ሆን ተብሎ ከመመዘኛነት ወጣ። የተመረጠው ነጥብ ከፍተኛውን ምልክት የሚሰጠው አልነበረም፤ ጥቂት የምልክት ከፍታ ተከፍሎበት ስፋቱ ከ3 ቮልት በታች ወረደ፣ ኦክሳይዱም ተስተካከለ። አውቶማቲክ ማስተካከያው ቢተው ኖሮ ይህን ነጥብ በፍጹም አይመርጠውም ነበር።

በዚህ ሥራ መካከል አንድ ባልደረባ ብትንትኑን ከምንጩ በኋላ ለምን አናስተካክለውም የሚል ሐሳብ አንሥቶ ነበር። መንገዱ አለ። የአይሶቶፕ ንፅፅርን በጥልቀት የሚለኩ ባለ ብዙ ተቀባይ መሣሪያዎች ከማግኔታቸው ጋር ኤሌክትሮስታቲክ መለያ በማጣመር የኢነርጂ ልዩነት ያላቸው አዮኖች በአንድ ነጥብ እንዲገናኙ ያደርጋሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ አዮኖቹን በሄክሳፖል (ባለ ስድስት ዘንግ ክፍል) ውስጥ ከጋዝ ጋር ደጋግመው በማጋጨት የኢነርጂ ስፋታቸውን ወደ አንድ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ አውርደዋል። ይሁን እንጂ በእኛው ዓይነት ኳድሩፖል ላይ የግጭት ክፍሉ ሌላ ሥራ ይዟል፤ ጥምር አዮኖችን ለመለየት የቆመውን ክፍል ኢነርጂን ለማስተካከልም ልጠቀምበት ማለት ሁለቱንም ሥራ ማበላሸት ነው። ፍንጣቂው ባለበት ደግሞ የትኛውም የኋላ ማስተካከያ ባለ ሁለት ቻርጅ አዮኖቹን አይመልስም።

ከአምራቹ የመጣው ስፕሪንግ አሁን በቦታው ነው፣ የብሩ ቅጠልም በመጠባበቂያነት በመሳቢያ ተቀምጧል። የቁልቁለት መለኪያው በሳምንቱ መጀመሪያ፣ ናሙና ከመግባቱ በፊት፣ በኮባልት፣ በኢትሪየምና በታሊየም ይሠራል፤ ውጤቱ የሚጻፈው በማስተካከያ ሪፖርቱ ላይ ሳይሆን የሌንሶቹ ቮልቴጅ ከሚመዘገብበት ገጽ ጎን ነው፣ ሁለቱ አብረው ሲሸሹ እንዲታዩ። የደለሎቹ ጉዳይ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ኒዮዲሚየም ሁለተኛ ኤሌክትሮኑን ለማጣት የሚያስፈልገው ኢነርጂ 10.7 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ፣ የአርጎን የመጀመሪያው ደግሞ 15.8 ገደማ በመሆኑ፣ ፍንጣቂ በሌለበት ጤናማ ፕላዝማም ጥቂት ባለ ሁለት ቻርጅ ኒዮዲሚየም ይኖራል። ስለዚህ ለደለልና ለአፈር ናሙናዎች ኒዮዲሚየም 145 ሁለት ቻርጅ ሲይዝ በሚታይበት በ72.5 ላይ የሚገኘው ምልክት ይለካና ከእርሱ ተሰልቶ የኒዮዲሚየም ድርሻ ከማስ 75 ይቀነሳል፤ ሳማሪየምም በ73.5 ላይ በ147 አማካይነት በተመሳሳይ መንገድ ይታረማል። ኳድሩፖሉ በግማሽ ማስ ላይ እንዲለካ በማስ የሚለይበት ወርድ ጠበብ መደረግ ስላለበት ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ላብራቶሪውም ለደለል ናሙናዎች ረዘም ያለ የመረከቢያ ቀን መስጠት ጀምሯል።